ለእኔ ለሩጫ፣ ለእናቴ ለግፊት፦ የቱን ስማርት ሰዓት ላስመጣ?

ጀማሪ ሯጭ

ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ በሚቀጥለው ወር ከቨርጂኒያ ትመጣለች፤ ምን ይዤልህ ልምጣ ብላኛለች። ሁለት ስማርት ሰዓት ነው ያሰብኩት። አንዱ ለእኔ። ዘንድሮ የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ሳልቆም መጨረስ እፈልጋለሁ። በሳምንቱ መሀል ማለዳ ማለዳ መስቀል አደባባይ፣ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ እሮጣለሁ። ሁለተኛው ለእናቴ ነው። 68 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ቀኑን ብቻዋን ነው የምትውለው። ግፊት ይለካሉ የሚባሉ ሰዓቶች በየሱቁ አይቻለሁ። እሱን አድርጋ ብትውል እኔም ሥራ ቦታ ሆኜ ልቤ ያርፋል ብዬ ነው።

የእኔ ስልክ ሳምሰንግ ነው፣ የእሷ ቴክኖ። ለሁለቱ 300 ዶላር መድቤያለሁ። ሰፈራችን መብራት ስለሚጠፋ በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ነገር አይሆነኝም። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ባንድ ይበቃል

ወንድሜ ገንዘብህን አታባክን። ሻውሚ ስማርት ባንድ 9 ለሁለታችሁም ግዛ። ፋብሪካው በአንድ ቻርጅ እስከ 21 ቀን ይቆያል ይላል። ሁሉንም መለኪያ ስታበራ ያንሳል፣ ግን ለመብራት ችግርህ ከዚህ የተሻለ አታገኝም። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ያሳያል፣ እንቅልፍ ይመዘግባል፣ ውሃ አይፈራም። እናትህም በቀን 10,000 እርምጃቸውን ከሞሉ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?

የሱሉልታ አሰልጣኝ

ለሚራመድ ሰው ባንድ ይበቃል፣ እስማማለሁ። ለሩጫ ግን ዋናው ነገር ይጎድለዋል፦ የራሱ ጂፒኤስ፣ ማለትም ያለህበትን ቦታ ከሳተላይት የሚያውቅ መቀበያ፣ የለውም። ርቀትህንና ፍጥነትህን በትክክል እንዲይዝ ስልክህን ይዘህ መሮጥ አለብህ። ስልኩን ቤት ከተውከው ከእጅህ መወዛወዝ ተነስቶ ነው የሚገምተው። አንተ ደግሞ እንጦጦ ነው የምትሮጠው። ዳገት ላይ እርምጃ ያጥራል፣ ቁልቁለት ላይ ይረዝማል፤ እዚያ ላይ ግምቱ ይበላሻል። ስለዚህ ለአንተ የመጀመሪያው መስፈርት በሰዓቱ ውስጥ ያለ ጂፒኤስ ነው።

ሁለተኛው ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ ባሮሜትር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ አናቱ ላይ ከ3,000 ያልፋል። በጂፒኤስ ብቻ የሚሰላ ከፍታ ይዘላል፣ ባሮሜትር ያለው ግን ምን ያህል ዳገት እንደወጣህ በደንብ ይነግርሃል። ሜዳ ላይ ብቻ የሚሮጥ ሰው ይህን ላያስፈልገው ይችላል፣ ለእንጦጦ ሯጭ ግን ያስፈልጋል። አንዱ ቅዳሜህ ከሌላው የከበደው በርቀቱ ይሁን በዳገቱ የምትለየው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ስለ ጂፒኤሱ ዓይነት ነው። የሳተላይቱን ሲግናል በአንድ የሞገድ ድግግሞሽ ብቻ የሚቀበሉ አሉ፣ በሁለት የሚቀበሉም አሉ። ረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ሲግናሉ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ፣ የመጀመሪያው ዓይነት መንገድህን ሕንፃ ውስጥ ያሳልፈዋል። ሁለት ድግግሞሽ ያለው ያንን በብዙ ይቀንሳል። መስቀል አደባባይ ራሱ ገላጣ ነው፤ ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ካዛንቺስ ስትወጣ ግን ልዩነቱን ታየዋለህ።

አሁን ወደ ሞዴል። ጋርሚን ፎርራነር 55 በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ሲወጣ 200 ዶላር ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ባነሰ ይገኛል። ጂፒኤስ አለው፣ በሰዓትነት ብቻ ከተጠቀምክበት እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ በአዝራር ስለሚሠራ ላብና ዝናብ አያስቸግረውም። ባሮሜትርና ሁለት ድግግሞሽ ግን የለውም። ፎርራነር 165 በ2024 በ250 ዶላር ወጣ፤ ባሮሜትር አለው፣ ስክሪኑም ያምራል። ኮሮስ ፔስ 3 በ2023 በ229 ዶላር ወጣ። ባሮሜትርም ሁለት ድግግሞሽም አለው፣ በጨርቅ ማሰሪያው 30 ግራም ብቻ ነው፣ ጂፒኤሱ በርቶ እስከ 38 ሰዓት ይሠራል። በሳምንት አራት ቀን የሚሮጥ ሰው መብራት ጠፋ አልጠፋ አይጨነቅም። እኔ ብሆን ኮሮሱን እወስዳለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሰዓቱ የሚሰጥህን የልብ ምት ዞን (ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ እያለ ምትህን የሚከፍልበትን ደረጃ) በመጀመሪያው ቀን አትመን። አብዛኞቹ ከሳጥን ሲወጡ ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንሰው ነው ከፍተኛውን ምት የሚያስቀምጡት። ያ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ አንተ ከዚያ በአሥር ምት ከፍ ወይም ዝቅ ልትል ትችላለህ። እዚህ አገር ደግሞ አየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በቀላል ሩጫም ምትህ ከፍ ይላል፣ ሰዓቱ የሚገምተው ቪኦቱ ማክስም (ሰውነትህ ስትሮጥ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን) ዝቅ ብሎ ይታያል። ብዙ ጀማሪዎች ያንን ቁጥር አይተው አቅም የለኝም ብለው ይተዋሉ። ቁጥሩን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር አታወዳድረው፤ ከራስህ ካለፈው ወር ጋር ብቻ አወዳድረው። ቀላል ሩጫህ ቀላል መሆኑን የምታውቀው አጠገብህ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራህ መሮጥ ስትችል ነው።

ሲስተር ከጎንደር

ወንድሜ፣ ለእናትህ ስለማሰብህ እግዚአብሔር ይባርክህ። ነገር ግን ለእሳቸው ሰዓት አትግዛላቸው። በክንድ ላይ የሚታሰር፣ በአየር የሚነፋ ዲጂታል የግፊት መለኪያ ግዛላቸው።

ምክንያቱን ልንገርህ። አብዛኞቹ ርካሽ ሰዓቶች "ግፊት" ብለው የሚያሳዩት ቁጥር ግፊት አይደለም። ከታች ያለው አረንጓዴ መብራት በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም ያያል፤ ከእሱ የልብ ምት ይገኛል። ከዚያ ተነስቶ 120 በ80 ማለት ግምት ነው፤ አንዳንዱ ለሁሉም ሰው ተቀራራቢ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ግፊታቸው 170 የገባ እናት ሰዓቱ 125 ሲላቸው መድኃኒቱን ቢተዉ አስብ። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ታዋቂዎቹስ? ሳምሰንግ ጋላክሲ ዋች ግፊት ይገምታል፣ ግን በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ ማስተካከል ግዴታ ነው፣ የሳምሰንግ ስልክም ይፈልጋል። እንግዲህ የክንዱን መለኪያ መግዛትህ ላይቀር ነው! አፕል በ2025 ያወጣው የደም ግፊት ማስጠንቀቂያ ቁጥር አይሰጥም፤ የ30 ቀን መረጃ ተመልክቶ "ግፊት ሊኖርብህ ይችላል" ነው የሚለው፣ ያውም ግፊት እንዳለባቸው ቀድሞ ለታወቀ ሰዎች አልታሰበም። ሁዋዌ ዋች ዲ ማሰሪያው ውስጥ በእውነት የሚነፋ ከረጢት አለው፤ እሱ የተለየ ነው፣ ግን ከበጀትህ ጋር አይሄድም።

ያለመርፌ ስኳር እንለካለን የሚሉትንም እንዳታስብ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2024 በአውሮፓ አቆጣጠር ሕዝቡን በግልጽ አስጠንቅቋል፤ ቆዳ ሳይወጋ ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት የለም።

ስለ 10,000 እርምጃም ላንሳ። ቁጥሩ ከሐኪም የመጣ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ጃፓን ውስጥ የተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነበር። በ2019 የታተመ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ ከ16,000 በላይ ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ከ7,500 በኋላ ጥቅሙ ብዙም አልጨመረም። እናትህ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ቢመለሱ፣ ጓሮ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ቢሉ ያ ትልቅ ነገር ነው። 10,000 ካልሞላሽ ብሎ የሚያሳፍራቸው ነገር እጃቸው ላይ አትሰርላቸው።

ባንድ ይበቃል

ሲስተር አመሰግናለሁ፣ የ1965ቱን አላውቅም ነበር። ስለ ግፊቱም ልክ ነሽ። ለራሱ ግን አሁንም ከባንድ ይጀምር እላለሁ። በወሩ ሩጫ የሚያቆም ብዙ ሰው አለ።

የሱሉልታ አሰልጣኝ

ገና ያልጀመረ ቢሆን እስማማ ነበር። ይህ ሰው ግን በሳምንት እንጦጦ የሚወጣ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር

በመሀል ልግባ። አንጓዬ ላይ ልጅ ሳለሁ የተነቀስኩት መስቀል አለ። ሰዓት ሳደርግ የልብ ምቱ ይጠፋል፣ ወይም ሳላቆም እየሮጥኩ 70 ያሳየኛል። የሰዓቱ ችግር ነው ወይስ የንቅሳቱ? ሌላው ደግሞ፣ ለእኛ ጠቆር ላለ ቆዳ አይሠራም የሚባለው እውነት ነው?

ሲስተር ከጎንደር

የንቅሳቱ ነው፣ እህቴ። ቀለሙ መብራቱን ይመጥጠዋል። አምራቾቹ ራሳቸው ይህን በመመሪያቸው ይጽፋሉ። ሌላኛው እጅሽ ንጹሕ ከሆነ ወደዚያ አዙሪው፤ እሱም ከተነቀሰ ደረት ላይ ወይም ክንድ ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ በብሉቱዝ ከሰዓቱ ጋር ይገናኛል።

ስለ ቆዳ ቀለም መልሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት መሣሪያዎችን ፈትሸው ስሕተቱ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። በ2020 ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ደግሞ በልብ ምት ላይ ጉልህ የቀለም ልዩነት አላገኘም፤ ትልቁ ስሕተት የመጣው ከእንቅስቃሴ ነበር። ስለዚህ ለልብ ምት ጠበቅ አድርጎ ማሰርና ከአንጓ አጥንት በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ማድረግ ብዙ ይረዳል። በኦክስጅን መለኪያ ላይ ግን ነገሩ ከባድ ነው። በሆስፒታል የጣት መለኪያዎች ላይ እንኳ በ2020 በታተመ ጥናት የጥቁር ሕሙማን የኦክስጅን ማነስ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ሳይታይ አልፏል። የሰዓት ኦክስጅን ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ማንም ሰው "ደህና ነኝ" እንዳይል። በተቃራኒውም፣ በከፍታ ላይ ስለምንኖር ቁጥሩ ከባሕር ጠለል ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ 93 አየሁ ብላችሁ ሌሊቱን አትጨነቁ። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ሰዓቱ ምንም ይበል ሐኪም ጋ ይሂድ።

የመርካቶ ጥገና

በየቀኑ እነዚህን ዕቃዎች ስለምከፍት ጥቂት ልበል።

አፕል ዋች አልትራን የሚመስለው፣ ብርቱካናማ ማሰሪያ ያለው ርካሽ ሰዓት የአፕል አይደለም። የአፕል ሰዓት ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ሻጩ በቴክኖ ስልክ አገናኝቶ ካሳየህ ያ ብቻውን ኮፒ መሆኑን ይነግርሃል። ያገለገለ እውነተኛ አፕል የምትገዙ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ከሰዓቱ ላይ ማውጣቱን ዓይናችሁ እያየ አረጋግጡ፤ ካልወጣ ተቆልፎ ይቀራል፣ እኛም መክፈት አንችልም።

ሴንሰሩን ለመሞከር ሰዎች ፎጣ ላይ ወይም ብርቱካን ላይ ያስሩትና "ምት አሳየ፣ ፌክ ነው" ይላሉ። ይህ ፈተና አያስኬድም፤ ኦሪጅናሎቹም ቢሆኑ ብርሃኑ ተንጸባርቆ ሲመለስ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። እኔ የማደርገው፦ ደረጃ ሮጥ ብዬ እወጣና አንገቴ ላይ ምቴን ለ30 ሰከንድ ቆጥሬ በሁለት አባዛለሁ። ሰዓቱ ከዚያ ጋር ተቀራርቦ ከወጣ፣ ስቀመጥም አብሮኝ ከወረደ ይሠራል። ስሮጥም ስቀመጥም 78 የሚል ከሆነ መብራቱ ለማሳመሪያ ነው።

ለአማርኛ መልእክት ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ሱቅ ውስጥ ከጓደኛ "ሰላም፣ እንዴት ነህ" የሚል መልእክት አስልኩ። ፊደላችን በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ) ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ አለ፣ ግን የሰዓቱ ሶፍትዌር ውስጥ የእኛን ፊደል ካልከተቱት ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚደረደረው። በርካሾቹ ባንዶች ላይ ይህ ብዙ ይገጥመኛል። ለብዙ ሰው ትልቁ ቅሬታ ባትሪ አይደለም፣ ይህ ነው።

ክብደት ቀናሽ

እኔ የምፈልገው ካሎሪ ብቻ ነው። የትኛው በትክክል ይቆጥራል?

የሱሉልታ አሰልጣኝ

የትኛውም። ሲስተር ያነሳችው የስታንፎርድ ጥናት የካሎሪውንም ፈትሿል፦ ከሰባቱ የተሻለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ ሳተ፣ የባሰው በ93 በመቶ። ሰዓቱ 500 አቃጠልክ ስላለህ 500 አትብላ። በሳምንት አንዴ ሚዛን ላይ ውጣ፣ የወገብህን ልክ ያዝ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

ከዚህ ከአሜሪካ ስለሚመጣው ዕቃ ጥቂት ነገር። እህትህ የሲም መስመር ያለውን ዓይነት እንዳትገዛ ንገራት። ዋጋው ይጨምራል፣ የዚህ አገር ኩባንያ መስመር ላይ የተሠራ ሰዓት እዚያ መሥራቱን የሚያረጋግጥላችሁ የለም። ብሉቱዝና ጂፒኤስ ያለው ይበቃል።

ሁለተኛ፣ እዚሁ ትክፈተው። ሳጥኑን ታሽጎ ማምጣት ስጦታ ያሳምራል፣ ግን ስክሪኑ ወይም ቻርጀሩ ችግር ካለበት እዚህ እያለች ነው መልሳ ልትቀይረው የምትችለው። በራሷ ስልክ ላይ አገናኝታ ሶፍትዌሩን ታድስ፣ አንድ ቀን አድርጋው ትዋል፣ ከዚያ አካውንቷን አውጥታ ወደ ነበረበት ትመልሰው። ትርፍ የቻርጅ ገመድም ትጨምር፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ዓይነት መሰኪያ ነው የሚጠቀመው፣ ከጠፋ ሰዓቱ ሥራ ይፈታል።

የክንድ ግፊት መለኪያውን ስትገዛ የእናታችሁን የክንድ ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ ላኩላት። በሳጥኑ ላይ ከስንት እስከ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ተጽፏል።

ጀማሪ ሯጭ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለእህቴ ደውያለሁ። ኮሮስ ፔስ 3 ለእኔ፣ የክንድ መለኪያ ለእማዬ። በ300 ውስጥ ያልቃል። ሲስተር፣ እማዬ በቀን ስንት ጊዜ ትለካ? ደግሞስ ብቻዋን ስለምትውለው ነገር ምን ትመክሪኛለሽ? ስትወድቅ የሚደውል ሰዓት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሲስተር ከጎንደር

ጠዋት መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊት፣ ማታ ከመተኛታቸው በፊት። በየጊዜው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በመሀሉ አንድ ደቂቃ አርፈው። ሐኪም ጋ ከመሄዳቸው በፊት ያለውን ሳምንት እንዲህ ለክተው ደብተር ላይ ከነቀኑ ይጻፉ፤ ለሐኪሙ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም። ሲለኩ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን መሬት አስነክተው፣ ሳያወሩ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። ክንዳቸው በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ በሹራብ ላይ አይታሰር። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ይህን በተለይ ንገራቸው፣ እናቶቻችን ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠው ወዲያው ለኩልኝ ነው የሚሉት።

መውደቅን የሚያውቁ ሰዓቶች እውነት አሉ። አፕልም ሳምሰንግም አላቸው። ግን የአፕሉ አይፎን ይፈልጋል፣ የብዙዎቹ ሞዴሎች ባትሪም በኩባንያው ስሌት ከ18 እስከ 24 ሰዓት ነው። የሳምሰንጉም ቢሆን እንደ ባንድ ሳምንት አይቆይም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር፣ ማታ ቻርጅ ያልተደረገ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚውል ነው። ከሰዓቱ በፊት ስልካቸው ላይ የአንተንና የቅርብ ጎረቤት ቁጥር በአንድ ንክኪ የሚደወል አድርግላቸው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚያዝ ብረት አስተክል፣ የሚያንሸራትተውን ምንጣፍ አንሳ፣ ከመቀመጫ ሲነሱ ቀስ እንዲሉ ንገራቸው። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲነሳ ራሱን ሊያዞረው ይችላል።

ጀማሪ ሯጭ

እሺ እህቴ፣ ምንጣፉን ዛሬውኑ አነሳለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለሁላችሁ፦ ሰዓቱ ጠዋት 1 ሰዓትን 7፡00 ብሎ ነው የሚያሳየው። በእኛ አቆጣጠር ማድረግ ይቻላል?

የመርካቶ ጥገና

ሁለተኛ ከተማ መጨመር የሚፈቅድ ሰዓት ወይም ስልክ ከሆነ ይቻላል። ከተማውን ቦነስ አይረስ በለው፣ አሠራሩን ባለ 12 ሰዓት አድርገው። አርጀንቲና ከእኛ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት፣ በበጋና በክረምትም ሰዓቷን አትለዋውጥም። እዚህ 7፡00 ሲሆን እዚያ 1፡00 ይላል። እዚያ ከቀትር በፊት የሚለው ለእኛ ቀን ነው፣ ከቀትር በኋላ የሚለው ሌሊት፤ ቀኑም የሚለወጠው እንደ እኛ ንጋት ላይ ነው። ዋናውን ሰዓት ግን ወደዚያ እንዳትቀይረው፣ የእንቅልፍና የሩጫ መዝገብህ ይዘባረቃል። ማንቂያ ስትሞላም በዋናው ነው፦ ለማለዳ 11 ሰዓት 5፡00 ብለህ ሙላ።